ሐቢባን ወልድያ የምታደርስ መኪና

ጥቅምት 3 ቀን 2003፣ ረቡዕ፣ መቐለ

ዛሬም እንደ ወትሮው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ የመኪናዬን ኮፈን ከፈትኩ። ዘይት… ደህና። ራዲያተሩ እንደ ልማዱ ትንሽ ጎድሏል፤ ከቧንቧ በጆግ ቀድቼ ሞላሁት። አራቱንም ጎማ በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩ። ትርፉንም ጎማ፣ ቅር እንዳይለው።

ጎረቤቴ ገብረተንሳኤ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ሳሊህ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በሽተኛዋ እንዴት አደረች?» አለኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አሁን የቀረው ሥራ እኔን መጠበቅ ሆኗል።

«ካንተ ጉልበት በጣም ትሻላለች። እሷ ስትነሣ አትንቋቋም።»

ሳቀ። ጉልበቱን ግን በእጁ ዳበስ አደረገ… አየሁት።

ይህቺ ፔጆ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ዐሥራ አንዱን ከእኔ ጋር ኖረች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ማለዳ ማለዳ ውኃዋን የሚሰጣት ባል ያላት መኪና ለምን ትጥላለች?

ከሰዓት በኋላ ኑርሁሴን ከወልድያ ደወለ። የኡሙሀኒ ልጅ ነው፣ የባለቤቴ የሐቢባ እህት ልጅ። እናቱ ምግብ እምቢ ካለች ሳምንት ሆናት። ጠዋት ማታ «ሐቢባ ለአረፋ ትመጣለች ወይ?» ትላለች አለኝ። ሐቢባ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «እመጣለሁ በላት! ሳሊህ በመኪና ያመጣኛል!» አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ዞር ያለችው። «መኪናዋ ደህና ናት አይደል?»

«እንደ ሙሽራ።»

ናት? አረፋ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ወር አለን። የአላጌ ዳገት አለ። ከቆረም ወደ አላማጣ የሚወርደው ጠመዝማዛ አለ…


ጥቅምት 5፣ ዓርብ

አውቶቡስ አይሆንም። ሐቢባ ከቀዶ ጥገናዋ ወዲህ በየግማሽ ሰዓቱ ለሽንት መውረድ አለባት። አምና ከማይጨው ስንመለስ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ አስቆመች። በሦስተኛው ረዳቱ ጮክ ብሎ «እማማ፣ ቤትዎ ሆነው ምን ሲሠሩ ነበር?» አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እሷ ሻሿን በፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አልረገጠችም። በሁሉም ነገር የማሾፈው እኔ እንኳ በዚህ አሹፌባት አላውቅም።

ኡሙሀኒ ደግሞ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት ሐቢባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

ለሙከራ ወደ ኲሓ ወጣሁ። የልጅ ልጄ ጁዋይሪያ አጠገቤ ነበረች። ዓይደር ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ከመሐል አልፎ ወደ ቀዩ ሄደ።

«አባባ፣ መርፌው…»

«ሰላም እያለሽ ነው። መልሽላት።»

አልሳቀችም። እኔም ውስጤ አልሳቀም።


ጥቅምት 7፣ እሑድ

ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ውኃ ጨመርኩ። ጠጣችው። የት ታደርገዋለች?


ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ኣባዲ ጋራዥ ወሰድኳት። ኣባዲ ይህችን መኪና ከእኔ በላይ ያውቃታል፤ እሷም እሱን ስታይ ድምጿ ይስተካከላል፣ ተንኮለኛ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን አስገባ። አወጣና አሳየኝ። ነጭ።

«እንታይ ደኣ! ኣቦይ ሳሊህ፣ ይህችን ማኪና ምን እያጠጧት ነው?»

«ውኃ ነዋ። ቢራ መሰለህ?»

«የትኛውን ውኃ?»

«የቧንቧ።»

እጄን ይዞ ሻይ ወደሚያፈሉበት ጥግ ወሰደኝ። የማንቆርቆሪያውን ክዳን አነሣ። ውስጡ እንደ ኖራ ባለ ነጭ ቅርፊት ተለብጧል።

«ይሄ በቧንቧ የሚመጣው የዓይናለም ጉድጓድ ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያው ገና ሁለት ወሩ ነው። የእርስዎ ማኪና ስንት ዓመት ጠጣች?»

ዐሥራ አንድ ዓመት። በየማለዳው። በገዛ እጄ።

«ደግሞ ጤነኛ ማኪና በየቀኑ አይጠማትም» አለ። «የውኃ ፓምፑ ያንጠባጥባል። እርስዎ ፓምፑን ማሠራት ትተው ድንጋይ ሲጨምሩባት ኖሩ።»

ስንቱን ሰው መክሬያለሁ! ገብረተንሳኤን ሳይቀር፣ «መኪና የሚያዘው እንዲህ ነው» እያልኩ። አፈርኩ። ግን ለኣባዲ እንዳፈርኩ ማሳየት…

«እኔም እኮ ያንኑ ውኃ ነው የምጠጣው። ውስጤ አይደነድንም?»

«እርስዎ ድሮ ደንድነዋል፣ ኣቦይ።»

ራዲያተሩን አውርዶ ቱቦዎቹን ሊጠርግ ነው። ፓምፑንም ይቀይራል። ከእንግዲህ የባትሪ ውኃ ወይም የተጠራቀመ ዝናብ እንጂ ቧንቧ የለም። አንድ ሳምንት ይፈጃል።


ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ግቢው ባዶ ነው። ጠዋት ኮፈን የምከፍትበት ሰዓት ሲደርስ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ሐቢባ ሻንጣዋን ዘጋግታ በሩ አጠገብ አቁማዋለች። በወጣሁ በገባሁ የምደናቀፍበት እኔ ነኝ።

ኑርሁሴን ደወለ። ሐቢባ ገበያ ነበረች።

«ጋሼ፣ አረፋን አትጠብቁ። ከቻላችሁ አሁን ኑ። እናቴ እየደከመች ነው።»

«መኪናዋ ጋራዥ ናት። ሳምንት…»

«ጋሼ፣ አሁን።»

እሺ አልኩት። ሐቢባ ተመለሰች። ማን ደወለ አለችኝ። ኑርሁሴን አልኩ። ምን አለ? «ሰላም ብሏል። ደህና ናት፣ አረፋን እየጠበቀች ነው» አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ብነግራት ዛሬውኑ በእግሯም ትወጣለች። መኪና የለም። ማክሰኞ ይደርሳል። ሦስት ቀን ምን አላት…


ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

መኪናዋ ወጣች። ኲሓ ዳገት ላይ መርፌው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ኣባዲ «ወልድያ ምን አላት፣ ደሴ ትደርሳለች» አለኝ። ብቻዬን እየሳቅኩ ተመለስኩ።

ይኸኛውን ግን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

ቁልቁለቱን ጨርሼ ከተማ ስገባ ፊት ለፊቴ ያለ ባጃጅ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ያዝኩ መሰለኝ። መኪናዋ አልቆመችም። እግሬ የት እንዳለ አልታወቀኝም… ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ፈለግኩት! በፍሬኑና በቤንዚኑ መካከል ወለሉን እየረገጠ ነው። በእጅ ፍሬን አቆምኳት። ከባጃጁ አንድ ስንዝር ቢቀር ነው። ከኋላው ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች።

ባለ ባጃጁ ወርዶ «ኣቦይ፣ ተኝተው ነው የሚነዱት?» አለ።

«ፍሬኗ ነው!» አልኩ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጎማ አየ።

ፍሬኗ አልነበረም። ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ከደነዘዘ ቆይቷል። ስኳሩ ነው። ለማንም አልነገርኩም።

ነገ እንሂድ ልላት ነበር።


ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ለሐቢባ ፍሬኑ መታደስ አለበት አልኳት። ኣባዲ ጎማውን አውርዶ አየ።

«የፍሬን ሸራው አዲስ ነው እኮ። በሐምሌ ራሴ ነኝ የቀየርኩት።»

«እንደገና ቀይረው።»

«ደህናውን አውጥቼ ደህና ልክተት?»

«መካኒክ ነህ ዳኛ?»

ሥራውን አቆመ። ቀኝ ጫማዬን አየ። አፍንጫው ተፍቋል፤ እጎትተው ኖሯል ለካ። «ኣቦይ፣ ማኪናዋን ጨርሻለሁ» አለኝ፣ በቀስታ። «ሌላውን የዓይደር ሐኪሞች ያያሉ እንጂ እኔ አላይም።»

ሰደብኩት። ሳቀልኝ። ወጣሁ። ቁጣዬ እስከ ማታ አልበረደም… በማን ላይ?


ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ጎማዎቹ ማርጀት ጀምረዋል አልኳት። «እነዚያ በገና ሰሞን የገዛሃቸው ጎማዎች?» አለች። አዎ፣ እነዚያ።


ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ጁዋይሪያ ምሳ ላይ «አባባ፣ እኔ ልንዳ» አለች። አምና መንጃ ፈቃድ አውጥታለች።

«አንቺ? አንቺ እኮ የተማርሽው ሜዳ ላይ ነው። አላጌ ሜዳ መስሎሻል? እዚያ ወደ ኋላ ስትይ የሚቀበልሽ አስተማሪ የለም፣ ገደል ነው።»

«ታዲያ አብረውኝ ይቀመጡና ይቀበሉኛ።»

ሐቢባ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ነገሩ በሳቅ አለፈ። ጎበዝ ነኝ በዚህ። የማልፈልገውን ነገር በሳቅ አሳልፋለሁ።

ጁዋይሪያ ግን ሳህን ስታነሣ ዝቅ ብላ «እግርዎን አይቻለሁ» አለችኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

መኪናዬን ሌላ ሰው ሲነዳት አይቼ አላውቅም። እሷን ከሰጠሁ በኋላ ምን እባላለሁ? ተሳፋሪ?


ጥቅምት 24፣ ረቡዕ

ባትሪ አስሞላሁ። ሙሉ ነበር።


ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ጠዋት ሐቢባ ከንፈሯ ደርቆ አየሁት። የውኃ ብርጭቆዋ ከትናንት ጀምሮ እንደ ሞላ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ውኃሽን ለምን አልጠጣሽም?»

«እየተለማመድኩ ነው።»

«ምኑን?»

«አውቶቡሱን።»

እሷ ቀጠለች። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣሁም። ሦስት ሰዓት ያህል ሳልወጣ ቻልኩ። ነገ አራት እችላለሁ። እሑድ እሳፈራለሁ። አንተ ፍሬንህን ጨርሰህ ድረስብኝ።»

እንዳኮረፈች አላወራችውም። እንደ ሥራ ነው ያወራችው። የሰባ ዓመት ሴት፣ ውኃ ላለመጠጣት ትለማመዳለች… እኔ ደግሞ ጋራዥ ለጋራዥ እዞራለሁ።

ብርጭቆውን ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።


ጥቅምት 26፣ ዓርብ

ከጁምዓ መልስ አስቀመጥኳቸው፣ ሐቢባንም ጁዋይሪያንም።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አልኩ። «ጎማውም። መኪናዋ ከዐሥር ቀን በፊት ደርሳለች። ያልደረስኩት እኔ ነኝ። እግሬ አይሰማኝም። በእኔ እጅ አላጌ ላይ ብትሞቺ ብዬ…»

ቁልፉን ጁዋይሪያ ፊት አኖርኩት። አላነሣችውም፤ አያቷን ሐቢባን ታያለች።

ሐቢባ «እግርህን አውቃለሁ» አለች። «ጫማ ስታጠልቅ አያለሁ። ካልሲህ ውስጥ ድንጋይ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጠኸው የዋልክ ቀን ያወጣሁልህ ማን ነው? እስክትናገር ጠበቅኩ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ዐሥር ቀን ግን! ዐሥር ቀን፣ አንተ ሰው! ወርቅ ብትሰጠኝ ዐሥር ቀን አትመልስልኝም።»

ቀልድ ፈለግኩ። የለም።

ስለ ስልኩ አልተናገርኩም። የኑርሁሴንን «አሁን» የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በአንድ ቀን ስንቱን… 

ጁዋይሪያ ቁልፉን አነሣች። ነገ የእሑድ ፈረቃዋን ትቀይራለች። ሐቢባ ውኃ ጠጣች።


ጥቅምት 28፣ እሑድ

ወልድያ ነን። ከመተኛቴ በፊት ልጻፍ፣ ካልጻፍኩ እንቅልፍ የለም።

በማለዳ ወጣን። ጁዋይሪያ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እኔ አጠገቧ፣ ሐቢባ ከኋላ። በየኩርባው ደህናው ግራ እግሬ ወለሉን ይረግጣል።

«አባባ፣ በእርስዎ በኩል ፍሬን የለም።»

«ኣባዲ ረስቶት ነው። ስንመለስ ንገሪው።»

ዐሥራ አንድ ጊዜ ቆምን። ጋቢዬን እንደ መጋረጃ ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ለሐቢባ ሰጥቼ እቆማለሁ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋብን፤ በከዘራዬ ሰላምታ ሰጠሁት። እስከ ስድስተኛው ድረስ አላናገረችኝም። በሰባተኛው «ቀና በል እንጂ፣ ጋቢው አጠረ» አለች። ደስ አለኝ። ሽማግሌ እንዲህ በትንሽ ነገር ደስ ይለዋል።

አላጌ ላይ የጭነት ኢሱዙ ፊታችን አዘገመ፤ ጁዋይሪያ ማርሹን አውርዳ ሳትቸኩል ተከተለችው። መርፌው መሐል ላይ። ምክር እንዳይወጣኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ከቆረም ቁልቁል ስንወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ተኙ?» አለችኝ። «ዱዓ እያደረግኩ ነው፣ መንገድሽን እይ።» ደህና ትነዳለች። ከእኔ ይሻላል ብዬ አልጽፍም። ግን…

ኑርሁሴን በሩ ላይ ጠበቀን። ሐቢባ ቀድማ ገባች። እሱ ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አፏ ተያዘ። ከረቡዕ ጀምሮ አትናገርም። እስከ ረቡዕ ጠዋት ደህና ታወራ ነበር፣ ሐቢባ የት ደረሰች እያለች። ነግሬህ ነበር እኮ።»

ገባሁ። ኡሙሀኒ አልጋው ላይ ዓይኗ ተከፍቷል። ሐቢባ እጇን ይዛ «እቴቴ፣ ደረስኩ። ሐቢባ ነኝ» ትላለች። ደጋግማ። ኡሙሀኒ ታያታለች። ጣቶቿ የሐቢባን እጅ አጥብቀዋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ረቡዕ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት፤ ሙሉ ባትሪ ያስሞላሁበት ቀን ነው።


ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

ጁዋይሪያ መኪናዋን ይዛ ወደ መቐለ ተመለሰች፣ ብቻዋን። ሥራ አላት። ከአረፋ በኋላ ትመጣለች። ማይጨው ስትደርስ ደወለች። መቐለ ስትገባ ደወለች። በመካከሉ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት ግቢው ያውቃል፤ ሠላሳ ጊዜ ዞርኩት።

ኑርሁሴንን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬ ያወጣዋል? ነገ? ራት ላይ «በዚያን ሰሞን ስደውል…» ብሎ ጀምሮ ወጥ አምጡ አለ። ወጡን እኔው ተነሥቼ አመጣሁ።


ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ትናንት አረፋ ነበር። ኑርሁሴን በግ አረደ። ኡሙሀኒ ከሐቢባ እጅ አምስት ማንኪያ ሾርባ ወሰደች። ሀኪሙ ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጠም። የአንደበቷን ነገር «ላይመለስ ይችላል» ብሎናል።

ሐቢባ ማታ ማታ ኑርሁሴንን አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «ሰኞ ምን አለች? ማክሰኞስ?» የእህቷን የመጨረሻ ወሬ ከእሱ አፍ ትለቅማለች። ሰኞ «ሐቢባ ስትመጣ ፀጉሬን ትጎንጉንልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካኝ» ብላ ነበር አሉ። ይህን የሰማች ዕለት ሐቢባ ቅቤ አቅልጣ ያቺን ሳሳ ያለች ሽበት ጎነጎነች። ማክሰኞ «ቆሎ ስትቆሉ ሽምብራውን ለይታችሁ አስቀምጡላት፣ ገብሱን አትወድም» ብላለች። ረቡዕ ጠዋት «መኪናው ተሠራ?» ብላለች። ከዚያ በኋላ የለም።

ዛሬ ሐቢባ «ይኸን ሁሉ ጻፍልኝ። እረሳዋለሁ» አለችኝ። ኑርሁሴን እየነገረኝ በዚህ ደብተር መጨረሻ ገጾች ላይ ጻፍኩት። አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ።

ኑርሁሴን ወጣ። እሷ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ገለጠችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ገጾቹ በጽሑፍ የሞሉ መሆናቸውን ግን ታያለች።

«ከፊት ያለው ምንድን ነው?»

«የመኪና ነገር።»

«ይኸ ሁሉ?»

«የመኪናና የእኔ።»

መለሰችልኝ። «አንብበው።»

ልዘለው እችል ነበር። ጥቅምት 13 የሚለውን ገጽ አልፌ ወደ ራዲያተር ብሄድ ማን ያውቅብኛል? እንዲያውም ጥሩ ጥሩ ቀልድ አለው፣ የገብረተንሳኤን ጉልበት አንብቤ አሥቃት ነበር።

ከጥቅምት 3 ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። በጉልበቱ ሳቀች። በማንቆርቆሪያው ሳቀች። 13 ላይ ስደርስ አልዘለልኩም። «ጋሼ፣ አሁን» የሚለውን አነበብኩ። «ደህና ናት፣ አረፋን እየጠበቀች ነው» ያልኩትን አነበብኩ።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

 ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ። «አሁን አትናገር» አለች። «የቀረውን አንብብ።»

እያነበብኩላት ነው። ጥቅምት 16 ላይ ደርሰናል፤ ኡሙሀኒን ለማገላበጥ ገባች። ተመልሳ ስትመጣ ከእግሬ እቀጥላለሁ።